ከጤፍ ጭድ ለሚሠራ የቁስል መሸፈኛ፦ አዮናዊ ፈሳሹ የሰው ሕዋስን ይጎዳል ወይ?

ጥያቄ፦ "አራት ኪሎ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የጤፍ ጭድ ሴሉሎስን በቡቲል ሜቲል ኢሚዳዞሊየም ክሎራይድ (አዮናዊ ፈሳሽ ከሚባሉት ጨዎች አንዱ) አሟሙቼ ስስ ፊልም እሠራለሁ፤ ሐሳቡ ፊልሙ ለቁስል መሸፈኛ እንዲሆን ነው። አማካሪዬ 'አረንጓዴ አሟሚ ነው፣ አይተንም፣ ስለዚህ ጉዳት የለውም' ይላሉ። ፈሳሹን በሄፕጂ2 (የጉበት ካንሰር) ሕዋስ ላይ በኤምቲቲ (የሕዋስን ሕያውነት በቀለም የሚለካ ፈተና) ስንፈትሸው ግን በዝቅተኛው መጠን 120 በመቶ ሕያው ሕዋስ አገኘን፤ በከፍተኛው መጠን ደግሞ አንዱ ቀን 60፣ ሌላው ቀን 15 በመቶ። ፈሳሹ መርዛማ ነው ወይስ አይደለም? ውጤታችንስ ለምን እንዲህ ይዘላል?"

መልስ፦ አማካሪዎ ከተናገሩት ግማሹ እውነት ነው፤ ፈሳሹ አይተንም ማለት ይቻላል። ችግሩ ያለው "ስለዚህ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የማይተን ነገር በትንፋሽ አይገባም እንጂ ሕዋስን አይነካም ማለት አይደለም። ሕዋስ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው፤ የእርስዎ ጨው ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ወዲያው ይሟሟል። እንዲያውም አለመትነኑ ሌላ ጣጣ አለው። አሴቶን ጠረጴዛ ላይ ቢፈስ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የለም፤ ይኼኛው ግን የተንጠባጠበበት ቦታ ሳምንታት ይከርማል። ከፊልሙም በማድረቅ አይወጣም። የሚያወጣው እጥበት ብቻ ነው፤ ለእርስዎ ሥራ ደግሞ ከሁሉም በላይ ወሳኙ ይኸው እጥበት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

"አዮናዊ ፈሳሽ መርዛማ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ "እንጉዳይ ይበላል ወይ?" እንደማለት ነው፤ የትኛው ተብሎ መጠየቅ አለበት። ስሙ የሚነግረን ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚቀልጥ ጨው መሆኑን ብቻ ነው። የገበታ ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ላይ ነው፤ ፓውል ዋልደን በ1914 እ.ኤ.አ. የገለጸው ኤቲል አሞኒየም ናይትሬት ግን 12 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ነው። በዚህ አንድ ስም ሥር በጣም ብዙ ዓይነት ውሁዶች ይገኛሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ሕዋስ በአሥሮች ሚሊሞላር የሚችላቸው አሉ፣ በጥቂት ማይክሮሞላር (የሚሊሞላር አንድ ሺኛ) የሚገድሉም አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው።

ልዩነቱን በዋናነት የሚወስነው የካታዮኑ (የጨዉ ፖዘቲቭ አዮን) ጅራት ነው። የእርስዎ ካታዮን ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ ላይ የካርቦን ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ቀለበቱን ራስ፣ ሰንሰለቱን ጅራት እንበለው። በኢሚዳዞሊየም ክሎራይዶች ላይ፣ በ24 እና በ48 ሰዓት ፈተናዎች፣ ግማሹን ሕዋስ የሚገድለው መጠን በግምት እንዲህ ይወርዳል፦ ጅራቱ ባለ 2 ካርቦን ሲሆን ከ10 ሚሊሞላር በላይ ይፈልጋል፤ ባለ 4 ሲሆን (የእርስዎ ይኸው ነው) ጥቂት ሚሊሞላር ይበቃዋል፤ ባለ 6 ከ1 ሚሊሞላር በታች፤ ባለ 8 ወደ 0.1 ሚሊሞላር አካባቢ፤ ባለ 10 በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሞላር። ቁጥሩ በሕዋሱ ዓይነት፣ ለሕዋሱ ምግብ በሚጨመረው ሴረም መጠንና በሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለዋወጥም። ጅራቱ 14 እና 16 ካርቦን አካባቢ ሲደርስ ጭማሪው ይቆማል፤ ሞለኪውሉ ውሃ ውስጥ በነፃነት መንሳፈፉን ትቶ እርስ በርሱ ይጠቀለላል፣ ሕዋሱ ከሚያድግበት ፕሌት ፕላስቲክና ከሴረሙ አልቡሚን ላይም ይለጠፋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ሜታኖልና አሴቶን ያንኑ ያህል ሕዋስ ለመግደል በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሞላር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባለ 4 ካርቦኑ ፈሳሽዎ፣ "ቆሻሻ" ከሚባሉት ከእነዚህ አሟሚዎች ይልቅ በሳህን ላይ ያለን ሕዋስ በብዙ እጥፍ ይጎዳል። ይህን ለአማካሪዎ ማሳየት ይቻላል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የሚያውቁት ዘመድ አለ፤ በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ የሚገባው ሴቲል ፒሪዲኒየም ክሎራይድ። ባለ 16 ካርቦን ጅራት ያለው ፒሪዲኒየም ጨው ነው፤ የሚጨመረውም የባክቴሪያን ሽፋን እንዲቀድ ታስቦ ነው። ቤተሰቡ አንድ፣ አሠራሩም አንድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሕዋስ ሽፋን ሁለት ረድፍ ቅባት ነው፤ ወደ ውጭ የዞረው ፊቱ ኔጌቲቭ ፎስፌት የበዛበት ነው። የካታዮኑ ራስ እዚያ ላይ ይለጠፋል፣ ጅራቱ ቅባቱ ውስጥ ይሰካል። ጅራቱ አጭር ከሆነ ገብቶ ይወጣል፤ ረጅም ከሆነ እንደ ሽብልቅ ይቀራል፣ ሽፋኑም ይላላል፣ በመጨረሻም ያፈሳል። ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ብዙ ጊዜ ሕዋሱ የሚሞተው ሽፋኑ ከመቀደዱ በፊት ነው፤ ምክንያቱም የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ አለ። የማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ከውስጥ በኩል 150 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ነው። ቅባት ውስጥ ማለፍ የሚችል ማንኛውም ፖዘቲቭ አዮን በየ60 ሚሊቮልቱ አሥር እጥፍ ይከማቻል፤ በ150 ሚሊቮልት ሲሰላ 300 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እርስዎ ከውጭ 0.1 ሚሊሞላር ሰጡት እንበል፤ ውስጥ ያለው ክምችት ግን ከዚያ በጣም የራቀ ነው። እዚያ ሲደርስ የመተንፈሻ ሰንሰለቱን፣ በተለይ ኮምፕሌክስ 1ን ይይዛል፤ ኤቲፒ (የሕዋሱ ኃይል) ይወርዳል፣ አጥቂ ኦክስጅን ይበዛል፣ ሳይቶክሮም ሲ ያመልጣል፣ ሕዋሱም ራሱን ወደ መግደል ይገባል።

ጅራቱ ጫፍ ላይ ኦክስጅን ያለበት (ሃይድሮክሲል ወይም ኤተር) ካታዮን፣ ካርቦን ብቻ ካለው ተመሳሳይ ርዝመት ይልቅ የዋህ ነው፤ ቅባቱን ስለማይወድ። ኮሊን የሚባለው ካታዮንም እንዲሁ። አናዮኑ (የጨዉ ኔጌቲቭ አዮን) በአብዛኛው ሁለተኛ ሚና ነው ያለው፤ ፍሎሪን የተሸከሙትን ግን ለየት አድርጌ ኋላ አነሳቸዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ፈተናዎ። መጀመሪያ የሕዋሱ ምርጫ። ሄፕጂ2 የጉበት ካንሰር ሕዋስ ነው። ቁስል የሚሸፍን ነገር ለሚፈትሽ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት የቆዳ ሕዋስ ነው፤ ሃካት ኬራቲኖሳይት ወይም ፋይብሮብላስት። ሄፕጂ2 በእጅዎ ስላለ ይጠቀሙበት፣ አልከለክልም፤ ግን ሁለት ነገሮችን ይደብቅብዎታል።

አንደኛ፣ ከፍተኛ ግሉኮስ (በሊትር 4.5 ግራም) ባለበት ሚዲያ (ሕዋሱ የሚያድግበት ፈሳሽ) ውስጥ ሄፕጂ2 ማይቶኮንድሪያውን ሳይጠቀም ስኳር በማብላላት ብቻ መኖር ይችላል። ማይቶኮንድሪያውን የሚመታ መርዝ ሲመጣ ሕዋሱ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ማየት ከፈለጉ ግሉኮስ በሌለው ሚዲያ ላይ 10 ሚሊሞላር ጋላክቶስ ጨምረው ጎን ለጎን ይፈትሹ። በጋላክቶስ ውስጥ ገዳዩ መጠን በግልጽ ከወረደ፣ ጥቃቱ ማይቶኮንድሪያ ላይ መሆኑን አገኙ ማለት ነው፤ ለቴሲስ አንድ ምዕራፍ የሚሆን ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ሄፕጂ2 የመድኃኒት ማጣሪያ ኢንዛይሞቹ የተዳከሙ ናቸው። እውነተኛ ጉበት የጅራቱን ጫፍ ኦክሲዳይዝ አድርጎ ወደ ካርቦክሲል ይለውጠዋል። ይህ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ኒውካስል ተመራማሪዎች ከአንድ የቆሻሻ መጣያ አካባቢ አፈር ውስጥ ባለ 8 ካርቦኑን ሜቲል ኦክቲል ኢሚዳዞሊየም እንዳገኙ አስታወቁ። የዚህ ሞለኪውል የጉበት ውጤት ሊፖይክ አሲድን ስለሚመስል፣ በራስ በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የሚመጣ አንድ የሐሞት ቱቦ ሕመም ቀስቃሽ ሊሆን ይችላል የሚል መላምት አቅርበዋል። መላምት ነው፣ የተረጋገጠ መንስኤ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው፦ "ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ ነው ያለው" የተባለ አሟሚ አፈር ውስጥ ተገኝቷል።

120 በመቶው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሕዋሱን "አጠንክሮት" አይደለም። ኤምቲቲ የሚለካው የሕዋስ ቁጥርን አይደለም፤ ቢጫው ቀለም ወደ ወይን ጠጅ ፎርማዛን ምን ያህል እንደተለወጠ ነው። ቁጥሩን ከ100 በላይ የሚያወጡት የተለመዱ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። ቀላል ጭንቀት የደረሰበት ሕዋስ ቀለሙን ከወትሮው በፍጥነት ይለውጣል። ፈሳሹ ራሱ ወይም በውስጡ የቀረ ቆሻሻ (ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ በተለይ) ያለ ሕዋስም ቀለም ይለውጣል ወይም ራሱ ብርሃን ይውጣል። ሦስተኛውና የሚረሳው ደግሞ የፎርማዛን ክሪስታሉ አሟሟት ነው፤ ፈሳሽዎ ባለበት ጉድጓድ ክሪስታሉ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ፣ ባልታከመው ጉድጓድ ግን ገና ጥፍጥፍ ሆኖ ከተነበበ፣ ያልታከመው ዝቅ ይላል፤ ሌላው ሁሉ ከፍ ያለ ይመስላል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ የፕሌቱ አደረጃጀት ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ዳር ዳሩን ያሉትን 36 ጉድጓዶች በ200 ማይክሮ ሊትር ፒቢኤስ (ለሕዋስ የሚስማማ የጨው ውሃ) ይሙሉና ለፈተና አይጠቀሙባቸው፤ በተለይ በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ሲሆን የኢንኩቤተሩ የውሃ ሳህን ከጎደለ ዳሮቹ ይተንናሉ። የቀሩት 10 ዓምድና 6 ረድፍ ናቸው። ሰባት ዓምድ ለሰባት መጠን ይስጡ፦ 0.03፣ 0.1፣ 0.3፣ 1፣ 3፣ 10 እና 30 ሚሊሞላር። ስምንተኛው ያልታከመ፤ ዘጠነኛው 30 ሚሊሞላር ተጨማሪ ሶዲየም ክሎራይድ፤ አሥረኛው 0.1 በመቶ ትራይተን ኤክስ 100 (ሕዋስ የሚያፈርስ ሳሙና)፣ ማለትም ሁሉም የሞተበት። ከስድስቱ ረድፎች አምስቱ ላይ ሕዋስ ይዝሩ፤ ስድስተኛውን ሕዋስ አልባ ያድርጉት፣ ቀሪው ሁሉ ግን ይግባበት። ከእያንዳንዱ መጠን ላይ የራሱን ሕዋስ አልባ ንባብ ይቀንሳሉ እንጂ ለሁሉም አንድ የጋራ ንባብ አይቀንሱም። 120ው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይፈታል።

የሶዲየም ክሎራይዱ ዓምድ ለምን አስፈለገ? ሚዲያ ወደ 290 ሚሊኦስሞል ነው። ፈሳሽዎ ጨው ስለሆነ እያንዳንዱ ሚሊሞላር ወደ 2 ሚሊኦስሞል ይጨምራል፤ 30 ሚሊሞላር 60 ገደማ፣ 100 ሚሊሞላር ደግሞ 200 ገደማ ማለት ነው። በ100 ሚሊሞላር የሞተው ሕዋስ በመርዝ ነው ወይስ ውሃው ተመጦ? መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከ30 በላይ መሄድ ትርፍ የለውም። በ30 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ሕዋሱ ከኖረ፣ በ30 ሚሊሞላር አዮናዊ ፈሳሽ ከሞተ፣ ገዳዩ ካታዮኑ ነው።

ስለ አዘራሩ ብዙ አልልም፤ ሄፕጂ2 በየጉድጓዱ 10,000፣ በ100 ማይክሮ ሊትር ውስጥ። ተጣብቆ መጓጎል ይወዳል፤ ከትሪፕሲኑ (ሕዋሱን ከሳህኑ የሚያላቅቅ ኢንዛይም) በኋላ በፒፔት ደጋግመው ሳይፈታቱ ከቆጠሩት በአንድ ጉድጓድ ውስጥ እጥፍ ይገባል። 24 ሰዓት ይያዝ፤ ሚዲያውን አውጥተው በ100 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ያለበት ሚዲያ ይተኩ፤ 24 ሰዓት። ከዚያ ፈሳሹን ያስወግዱና አንዴ በፒቢኤስ ያጠቡ። ከኤምቲቲ ጋር አብሮ መቆየት የለበትም። 100 ማይክሮ ሊትር አዲስ ሚዲያና በሚሊ ሊትር 5 ሚሊግራም ከሆነው ኤምቲቲ 10 ማይክሮ ሊትር፤ 3 ሰዓት። አውጥተው 100 ማይክሮ ሊትር ዲኤምኤስኦ (ክሪስታሉን የሚያሟማ አሟሚ)፤ 10 ደቂቃ በመንቀጥቀጫ ላይ፤ በማይክሮስኮፕ አይተው መርፌ የመሰለ ክሪስታል አለመቅረቱን ሳያረጋግጡ አያንብቡ። 570 ናኖ ሜትር፣ ማነጻጸሪያው 650። ሚዲያውን ሲያወጡ ግን ይጠንቀቁ፤ ልል ብሎ የተያዘ ሕዋስ በመምጠጫው አብሮ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ "መርዝ" ሆኖ ይነበባል።

60 እና 15 በመቶው የተለየ ነገር ነው፤ ይህ የአዘገጃጀት ስህተት ይመስላል። የእነዚህ ጨዎች የመጠንና የሞት ኩርባ በጣም ቁልቁለታማ ነው፤ በቁልቁለቱ ላይ የወደቀ መጠን በ30 በመቶ ቢዛነፍ ውጤቱ በእጅጉ ሊዘል ይችላል። 30 በመቶ ደግሞ ለመሳሳት ቀላል ነው። ቡቲል ሜቲል ኢሚዳዞሊየም ክሎራይድ በክፍል ሙቀት ጠጣር ነው፣ እርጥበት ግን አጥብቆ ይስባል። ክዳኑን ከፍተው ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡ ይረጥባል፣ ቁጥሩም ሲያዩት ይጨምራል። በክረምት ደግሞ ይብሳል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው 15 በመቶ ውሃ ከሆነ መጠንዎ በ15 በመቶ ያነሰ ነው። ከመመዘንዎ በፊት በ70 ዲግሪ በቫኪዩም 24 ሰዓት ያድርቁት፤ ካርል ፊሸር የተባለው የውሃ መጠን መለኪያ ካለ ውሃውን ይለኩ፣ ከሌለ ከማድረቅ በፊትና በኋላ ይመዝኑና ልዩነቱን ይጻፉ። ከዚያ በችኮላ መዝኑና ቀጥታ ወደ ሶሉሽን ያስገቡት። 174.7 ሚሊግራም በ10 ሚሊ ሊትር ሴረም አልባ ሚዲያ 100 ሚሊሞላር ይሰጥዎታል፤ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ያጣሩ። ሌላ ቀን በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆነ ዓይነት ቢጠቀሙ፣ ወፍራም ስለሚሆን በፒፔት በመጠን አይስፈሩት። ጫፉ ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል፤ ሁልጊዜ በክብደት ይሁን።

ንጽሕናውን አይዝለሉት። ከአሠራሩ የሚቀረው ሜቲል ኢሚዳዞል ራሱ ሕዋስ ይጎዳል፣ ሚዲያውንም አልካላይ ያደርጋል። ራስዎ የሠሩት ከሆነ በኤቲል አሴቴት ደጋግመው ያጥቡት፤ ነጭ ክሪስታል መሆን አለበት። ቢጫነቱ ብቻውን መርዛማነቱን አይናገርም፣ ቀለም ንባብዎን ግን ያበላሻል።

ሌላው ለእኛ ከተማ ልዩ የሆነ ጉዳይ ከፍታው ነው። አራት ኪሎ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፣ ወደ 760 ሄክቶፓስካል። በመጽሐፍ የተጻፈው "5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ" የባሕር ጠለል 5 በመቶ ነው። እዚህ እውነተኛ 5 በመቶ ሲሰጡት ሚዲያው ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ በአንድ አራተኛ ያንሳል፤ የሚዲያው ፒኤች በ0.12 ገደማ ይወጣል። ተመጣጣኙ 6.7 በመቶ ነው። አንዳንድ የኢንኩቤተር ዳሳሽ ግን የሚቆጥረው የጋዙን ብዛት እንጂ መቶኛውን ስላልሆነ፣ ከፍታው ካልተነገረው ራሱ ያስተካክላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመለወጥዎ በፊት ሕዋስ የሌለው ሚዲያ ሌሊቱን ውስጥ አሳድረው ወዲያው ፒኤች ይለኩ፤ ከ7.2 እስከ 7.4 ካልሆነ ያስተካክሉ። ሚዲያው ወደ ሮዝ ከደማ ምልክቱ ያ ነው። መብራት በጠፋባቸው ቀኖች የተሠራን ፕሌት ከሌሎቹ ጋር ደባልቀው አማካይ አያውጡ። በነገራችን ላይ አውቶክሌቭዎንም ይዩት፤ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲል እዚህ ከተማ ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ እንጂ 121 አይደለም። በግፊት ሳይሆን በሙቀት ይቆጣጠሩት።

የኤምቲቲን ውጤት ብቻውን አያምኑ። ርካሹ ሁለተኛ ምስክር በ0.4 በመቶ ትራይፓን ብሉ (የሞተን ሕዋስ የሚያቀልም ቀለም) በእጅ መቁጠር ነው፤ ከተነቀሉት ሕዋሶች ጋር፣ የተንሳፈፉትን ሳይጥሉ። ኤልዲኤች (በሕዋስ ውስጥ ያለ ኢንዛይም) ይለቀቃል ብለው የሽፋን ቀዳዳ መለካት ይችላሉ፤ ግን ከፍተኛ መጠን ያለው ጨው ኢንዛይሙን ራሱን ሊያዳክም ስለሚችል፣ ንጹሕ ኤልዲኤች ላይ ፈሳሹን ጨምረው እንቅስቃሴው አለመቀነሱን ካላዩ "አልቀደደም" ብለው አይደምድሙ። ኒውትራል ሬድ የተባለው ቀለም በሊሶሶም (የሕዋሱ አሲዳማ ከረጢት) ውስጥ ስለሚከማች፣ ቅባት ወዳድ ካታዮኖችም እዚያው ስለሚሄዱ፣ ለረጅም ጅራት አልመርጠውም።

ስታቲስቲኩ ላይ ደግሞ አምስቱ ጉድጓዶች አምስት ሙከራ አይደሉም፤ አንድ ሙከራ ናቸው። ሦስት የተለያዩ ቀኖች፣ ሦስት የተለያዩ የሕዋስ ትውልዶች፣ ሦስት ጊዜ አዲስ የተመዘነ ጨው። ኩርባው 50 በመቶ ላይ ካልደረሰ ፕሮግራሙ የሚሰጥዎትን ቁጥር አይቀበሉ፤ "ከ30 ሚሊሞላር በላይ" ብለው ይጻፉ።

አሁን ወደ ፊልሙ። እውነቱን ለመናገር የንጹሑ ፈሳሽ ፈተና ለእርስዎ ሥራ ግማሽ መልስ ብቻ ነው፤ በሽተኛው ላይ የሚያርፈው ፊልሙ ነው። የሕክምና ዕቃ ፈተና መመሪያ የሆነው አይኤስኦ 10993 ክፍል 5 ሕያውነቱ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ዕቃውን ሕዋስ ጎጂ ይለዋል። የሚፈተሸው ዕቃው ሚዲያ ውስጥ በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት ተዘፍዝፎ የወጣው ጭማቂ ነው፤ ውሃ ለሚመጥ ዕቃ በሚሊ ሊትር 0.1 ግራም ይወሰዳል፣ ዕቃው ራሱ የሚመጠው ሚዲያ ተጨማሪ ሆኖ። እናስላው። ፊልምዎ 1 በመቶ ቅሪት ጨው ቢይዝ፣ 0.1 ግራም ፊልም 1 ሚሊግራም ይለቃል፤ ይህ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5.7 ሚሊሞላር ነው። ባለ 4 ካርቦን ጅራት የሚገድልበት አካባቢ ማለት ነው። ቅሪቱ 0.1 በመቶ ሲሆን 0.57 ሚሊሞላር፤ ይህን ሕዋሱ ይችለዋል ብለው መጠበቅ ይችላሉ። ባለ 8 ካርቦን ጅራት ተጠቅመው ቢሆን ኖሮ ግን ያው 0.1 በመቶ ከ0.4 ሚሊሞላር በላይ ይሰጣል፤ ለእሱ ገዳይ ነው። ዒላማዎ ከ0.1 በመቶ በታች ቅሪት ይሁን።

ብዙ ሰው እጥበቱ ማለቁን የሚያውቀው የማጠቢያው ውሃ ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርጎ ነጭ ዝቃጭ ሲጠፋ ነው። ሁለት ወጥመድ አለው። የቧንቧ ውሃ ራሱ ክሎራይድ ስላለበት እስከ ነገ ቢያጥቡ ነጩ አይጠፋም፤ የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። ሁለተኛው ይከፋል፤ ዝቃጩ የሚነግርዎት ስለ ክሎራይዱ ብቻ ነው። የጤፍ ጭድ ሊግኒንና አሲዳማ ሄሚሴሉሎስ ስላለው ካታዮኑ እዚያ ላይ ተይዞ ሊቀር ይችላል፣ ክሎራይዱ ሄዶም። መርዙ ደግሞ ካታዮኑ ነው። የኢሚዳዞሊየም ቀለበት በ211 ናኖ ሜትር አካባቢ አልትራቫዮሌት ስለሚውጥ፣ የመጨረሻውን ማጠቢያ በስፔክትሮፎቶሜትር ያንብቡ። ሊግኒንም በዚያው አካባቢ ስለሚውጥ፣ ጨው ካልነካው ጭድ የወጣ ማጠቢያ ለማነጻጸሪያ ይኑርዎት። ወፍራም ፊልም ከላይ ብቻ ይታጠባል፤ ስስ አድርገው ይሥሩት፣ በ60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በየ2 ሰዓቱ ውሃውን እየቀየሩ ያቆዩት፣ ሳይደርቅ። አንዴ ከደረቀ ሴሉሎሱ ጥብቅ ይላል፣ ውስጥ የቀረውም ይታሰራል፤ በኋላ ቁስል ላይ ሲረጥብ ይለቀቃል።

ጨዉን መቀየር ከቻሉ ኤቲል ሜቲል ኢሚዳዞሊየም አሴቴትን አስቡበት። ሴሉሎስ ያሟማል፣ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው፣ ጅራቱም ባለ 2 ካርቦን ነው። ኮሊንን ከአሚኖ አሲድ ጋር ያጣመሩት ጨዎችም ሊግኒን ለማውጣት ያገለግላሉ፤ ለሕዋስ በጣም የዋህ ተብለው ይነሳሉ፣ ግን ጠንካራ አልካላይ ስለሆኑ ፒኤቹን ሳያስተካክሉ ሕዋስ ላይ ቢጨምሩ የሚገድለው ፒኤቹ ነው። ከቴትራፍሎሮቦሬትና ከሄክሳፍሎሮፎስፌት ግን ይራቁ። ውሃና ሙቀት ሲያገኙ ይፈርሳሉ፣ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ይወጣል፤ መስታወት ይበላል፣ ከቆዳ በታችም ገብቶ ካልሲየም ይይዛል። አውቶክሌቭ ውስጥ በፍጹም አይገቡም። የቆየ ጠርሙስ ላይ የተሠራ የሕዋስ ፈተናም የጨዉን ሳይሆን የፍሎራይዱን መርዝ ሊነግርዎት ይችላል።

እጅዎን በተመለከተ፣ የጨዉ የደህንነት ወረቀት ከተዋጠ መርዛማ፣ ቆዳና ዓይን የሚቆጠቁጥ ይለዋል። ናይትራይል ጓንት ይበቃል፤ ሲረጥብ ይቀይሩት እንጂ ቀኑን ሙሉ አይዋሉበት። ዲኤምኤስኦ ውስጥ የሟሟ ጨው ቆዳን በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ ኤምቲቲ ላይ ሲሠሩ ዲኤምኤስኦ የነካውን ጓንት ወዲያው ይቀይሩ። ጭዱን በ100 ዲግሪ ሲያሟሙ ችግር የለም፤ ማሞቂያው ከቁጥጥር ወጥቶ 200 ዲግሪ ካለፈ ግን ጨዉ ራሱ ይፈርስና ክሎሮቡቴንና ሜቲል ኢሚዳዞል ይተናሉ፣ "አይተንም" የተባለው። በፊውም ሁድ ውስጥ ይሥሩ፤ መብራት ሲጠፋ ሁዱም እንደቆመ አስታውሰው ማሞቂያውን ያንሱ። ሚዛኑ ላይ የተንጠባጠበውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በደረቅ አይደለም።

የማጠቢያውን ውሃ ሲንክ ውስጥ አይድፉት። ባለ 4 ካርቦን ኢሚዳዞሊየም ባክቴሪያ በቀላሉ አይሰብረውም፤ ከአራት ኪሎ የወረደ ፍሳሽ ደግሞ ግንፍሌና ቀበና ይዘውት ወደ አቃቂ ይሄዳል፣ በዚያ ውሃ አትክልት ይጠጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ማጠቢያዎች በፖሊኤቲሊን ጀሪካን ሰብስበው ውሃውን በሮታሪ ኢቫፖሬተር ያውጡ፤ ከፍታው እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፣ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ቫኪዩሙ ብዙ አይለፋም። የቀረው ቡናማ ጨው ለሚቀጥለው ዙር ማሟሚያ ይሆናል። ለሕዋስ ፈተና ግን አይሆንም፤ ሊግኒኑንና ስኳሩን ይዞ ስለሚመጣ ለፈተናው አዲሱን ጠርሙስ ለብቻው ያስቀምጡ፣ የተከፈተበትንም ቀን ይጻፉበት።